ከበረራ ፍርሃት መላቀቅ፦ አንጎልን ዳግም የማስተማር ሳይንስ

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ከደረሰው ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን በአውሮፕላን መጓዝን ትተው ረጅሙን መንገድ በመኪና ማቋረጥን መረጡ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጌርድ ጊገረንዘር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በቀጣዮቹ 12 ወራት በዚህ ምርጫ ሳቢያ 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች በመኪና አደጋ እንደሞቱ ገምተዋል። ከአነስተኛው አደጋ የሸሹት ሰዎች ወደ ከፍተኛው ገቡ ማለት ነው። ፍርሃት ከጉዳት እንዲጠብቀን የተሰጠን የተፈጥሮ ዘብ ቢሆንም፣ ግምቱ ሲዛባ ራሱ የጉዳት ምንጭ ይሆናል። ለመሆኑ የበረራ ፍርሃት በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ይሠራል? ከእርሱስ እንዴት መላቀቅ ይቻላል?

ፍርሃት ፍርሃትን ሲወልድ

አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲገምት አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ትንፋሽ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ደግሞ በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ስለሚቀንስ ማዞርና የጣቶች መደንዘዝ ይከተላል። መንገደኛው ይህንን ስሜት የአደጋው ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል፤ ፍርሃቱም ይበልጥ ይበረታል። ትንፋሽን ማዘግየት፣ በተለይም ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ የሚረዳው ይህን አዙሪት ስለሚሰብር ነው።

አውሮፕላኑ ምን እያደረገ ነው?

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው አውሮፕላኑ ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ዝግ ሲል ነው። በዚህ ጊዜ አብራሪዎቹ ለመነሻ ያስፈለገውን ኃይል ሆን ብለው ይቀንሳሉ። በውስጠኛው ጆሯችን የሚገኘው የሚዛን አካል የሚለካው ፍጥነትን ሳይሆን የፍጥነትን ለውጥ ስለሆነ፣ የአወጣጡን መቀዝቀዝ እንደ መውደቅ ይቆጥረዋል። አውሮፕላኑ ግን አሁንም ወደ ላይ እየወጣ ነው።

ሁለተኛው አስደንጋጭ ነገር አብራሪዎች ተርቡለንስ የሚሉት የአየር መናወጥ ነው። የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች አካል ቢያንስ የአውሮፕላኑን ክብደት 2.5 እጥፍ የሚያህል ጫና እንዲሸከም ተደርጎ ይነደፋል፤ ይህም ለመጠባበቂያ በ1.5 ይባዛል። የክንፉ መወዛወዝ ጫናን የሚያስተናግድበት መንገድ እንጂ የመሰበር ምልክት አይደለም። በመናወጥ ጊዜ በብዛት የሚጎዱት ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ተቀምጦ ቀበቶን ማሰር ዋነኛው መከላከያ ነው።

ሞተሮቹ ሁሉ ቢቆሙስ? አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ከፍታውን ቀስ በቀስ እየለቀቀ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ኤርባስ ኤ330 ያለ ሞተር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሸራትቶ በአዞረስ ደሴቶች አርፏል። የተሳፈሩት 306 ሰዎች ሁሉ ተርፈዋል።

አየር ያጥረኛል ብሎ ለሚሰጋም የሚያጽናና እውነታ አለ። የመንገደኞች ክፍል ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ካለው ግፊት እንዳያንስ ሆኖ ይጠበቃል። አዲስ አበባ የምትገኘው በዚሁ ከፍታ አካባቢ ነውና ነዋሪዋ ይህን ግፊት በየዕለቱ ለምዶታል።

ዕውቀት ብቻውን ይበቃልን?

አይበቃም። ይህን ሁሉ እያወቀ የሚፈራ ሰው ሞልቷል። በረራን በሸሸን ቁጥር የሚሰማን እፎይታ ለአንጎል «ያዳነህ መሸሽህ ነው» የሚል ትምህርት ይሰጠዋል፤ የተፈራው ነገር እንደማይደርስ የሚያይበትን ዕድልም ይነፍገዋል።

መድኃኒቱ የተገኘው በዚሁ ሥርዓት ተቃራኒ ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራን ሕፃን፣ የሚወደውን ምግብ እየሰጡና ጥንቸሉን በየጊዜው እያቀረቡ ከፍርሃቱ እንዳላቀቁት ጽፈዋል። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አካሄድ ወደ ሥርዓታዊ ሕክምና አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ባርባራ ሮትባምና ባልደረቦቻቸው በኮምፒዩተር በተፈጠረ የበረራ ትዕይንት የተለማመዱ ሰዎች በእውነተኛ አውሮፕላን ከተለማመዱት ጋር የሚመጣጠን ለውጥ እንዳሳዩ አረጋገጡ።

አንባቢም በዚሁ መርህ የራሱን መሰላል ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያ የበረራ ፊልም ማየት፣ ቀጥሎ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ የሚነሡትን መመልከት፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እንዳለው ያለ አጭር በረራ መሞከር፣ በመጨረሻም ረጅሙን ጉዞ መጀመር። ቁም ነገሩ በእያንዳንዱ እርከን ፍርሃቱ እስኪረግብ መቆየት ነው። ፍርሃትን በአልኮል ማደንዘዝ ይህን ትምህርት ያስተጓጉላል። ፍርሃቱ ሥራን ወይም የቤተሰብን ግንኙነት እስከማወክ ከደረሰ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ድፍረት ማለት ፍርሃት አለመኖሩ አይደለም። ልብ እየመታም ቢሆን ቀበቶን አስሮ መቀመጥ ለአንጎል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ አንጎልም ትምህርቱ በተደጋገመለት ቁጥር ይቀበለዋል።