አስቤዛና ጾም፤ የቤት ሸመታችንን በሥርዓት ስለ መምራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ምጽዋት ብዙ ትምህርት ሰምተናል። ዛሬ ግን ዝቅ ያለ ከሚመስል ነገር እንነሣለን፤ ይኸውም በየሳምንቱ ከመደብር ወደ ቤታችን የምናስገባው አስቤዛ ነው። ርእሱ ለቤተ ክርስቲያን መጽሔት አይገባም የሚል አንባቢ ቢኖር አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። በስደት አገር የሚኖር ክርስቲያን ጾሙን የሚጠብቀው ወይም የሚያፈርሰው የት ነው? በማዕድ ላይ ነው እንዳንል፣ በማዕድ የሚቀርበው አስቀድሞ የተገዛው ነው። እንግዲህ የጾማችን የመጀመሪያው በር የመደብሩ በር ነው ማለት ነው።

አስቤዛ የሚለው ቃል ሥሩ ግእዝም አማርኛም አይደለም፤ ወጪ ወይም የቤት ግዢ ማለት ከሆነው ከጣልያንኛው «ስፔዛ» የመጣ ነው። የራሳችን ቃል ሸመታ ነው። ሸመተ ማለት እህል ገዛ ማለት ሲሆን፣ በገጠሩ ኑሮ የሚሸምተው ጎተራው የጎደለበት ሰው ነበር። ዛሬ በባዕድ አገር የምንኖር ሁላችን፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ጎተራ የሌለን ሸማቾች ሆነናል። ስለዚህ ሸመታን ማወቅ ለእኛ የቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኑሮና የሃይማኖት ጉዳይም ነው።

ከገበያ ቀን ወደ ጋሪ

በአገራችን እያንዳንዱ ቦታ የታወቀ የገበያ ቀን አለው። እናቶቻችን ወደ ገበያ ሲወጡ የጎደለውን በልባቸው ይዘው ይወጡ ነበር። በርበሬውን አሽትተው፣ ቅቤውን በጣታቸው ነክተው፣ እህሉን በመዳፋቸው ዘርግተው ካዩ በኋላ ይከራከራሉ፤ በቁና ወይም በጣሳ ከተሰፈረላቸውም በኋላ ምርቃት ይጠይቃሉ። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቅርጫቱ ሲከብድም ክንድ ራሱ «ይበቃል» ይላል።

አሁን የምንገባበት መደብር ግን በሌላ አሳብ የተሠራ ነው። በአሜሪካም ቢሆን ቀድሞ ገዢው ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሻጩም እያወረደ ይሰጠው ነበር። ገዢው ራሱ እያነሣ የሚገዛበትን ሥርዓት ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 ዓ.ም. ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ሲልቫን ጎልድማን የተባለው የኦክላሆማ ከተማ ባለ መደብር፣ ሰዎች የእጅ ቅርጫታቸው ሲከብድ መግዛት እንደሚያቆሙ አስተውሎ፣ ባለ መንኰራኵር ጋሪ አመጣ። ሕዝቡ በመጀመሪያ አልወደደውም ነበርና፣ ጋሪ እየገፉ በመደብሩ ውስጥ የሚዞሩ ሰዎችን ቀጥሮ አስለመደው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 ዓ.ም. ደግሞ በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ አንድ የማስቲካ እሽግ በመስመር ምልክቱ በመሣሪያ ተነብቦ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ በየዕቃው ላይ ዋጋ መለጠፍ እየቀረ ሄደ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ነጋዴዎችን ለመንቀፍ አይደለም። ሥራቸው መሸጥ ነው፤ ሥራቸውንም ያውቁታል። እኛ ግን ሥራችንን እናውቃለንን? ክንድ ዝም ባለበት፣ የሻጭም ፊት በማይታይበት ቦታ «ይበቃል» የሚለው ድምፅ ከቤት ተጽፎ መምጣት አለበት። ዛሬ በስልክ አዝዞ በር ድረስ ማስመጣት ስለ ተቻለ፣ ይህ ምክር ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል፤ የስልኩ ጋሪ ጨርሶ አይከብድምና።

ሁለት ቀን መቁጠሪያዎች

በእያንዳንዳችን ቤት ሁለት ቀን መቁጠሪያዎች ይጋጫሉ፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው የመደብሩ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነነዌ 3 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባና በልደት ይፈታል፤ ጾመ ሐዋርያት ደግሞ ከትንሣኤ በዓል ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ።

አሁን የመደብሩን ቀን መቁጠሪያ አጠገቡ እናኑረው። አሜሪካውያን የምስጋና በዓላቸውን የሚያከብሩት በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ ነው፤ ይኸውም ከ22 እስከ 28 ባለው ቀን ይውላል። ኅዳር 15 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 24፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ 25 ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ዓመት ተርኪው በየመደብሩ በር ተከምሮ በቅናሽ ሲሸጥ እኛ ጾም ላይ ነን። የምዕራባውያን ፋሲካም አንዳንድ ጊዜ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ቢውልም፣ በሌላ ዓመት እስከ 5 ሳምንት ይቀድመናል፤ ያን ጊዜ እንቁላሉና የበግ ሥጋው በቅናሽ የሚቀርበው በዓቢይ ጾማችን መካከል ነው።

ቀን መቁጠሪያውን የማያይ ሸማች በዚህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በጾም ጊዜ ቅናሽ አይቶ የገዛው ማቀዝቀዣውን ሞልቶ ልጆቹን ይፈትናቸዋል፤ በዓሉ ሲደርስ ደግሞ በሙሉ ዋጋ እንደ ገና ይሸምታል። አስተዋይ ሸማች ግን መደብሩ በበዓሉ ሰሞን ቅቤ በቅናሽ ቢያወጣ ገዝቶ ሳይከፍት በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ያኖረዋል፤ ለገናም አንጥሮ ያወጣዋል። ጾም ከመግባቱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ምስሩን፣ የአተር ክኩን፣ ሽሮውን፣ ሱፉንና ተልባውን ያዘጋጃል፤ በየሳምንቱ የሚገዛው ጎመን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ብቻ ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌያችን በዋዜማው ማታ ለሚሸምት ሰው የተነገረ ይመስላል።

በዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ስለ ማንበብ

እዚህ ላይ በራሳችን የደረሰውን እንናገር። ወደዚህ አገር በመጣንበት በመጀመሪያው ዓቢይ ጾም፣ ለሻይ የሚሆን ነጭ ዱቄት ከመደብር ገዛን። በፊቱ ላይ ወተት የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ቃል በትልቁ ተጽፎበታል። አምስት ሳምንት ሙሉ ጧት ጧት ስንጠቀምበት ቆየን። ከዕለታት አንድ ቀን ገና ማንበብ የጀመረው ልጃችን ቆርቆሮውን አዙሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበና፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ወተት ይላል» አለን። አየነው። «ሶዲየም ኬዚኔት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ከወተት የተገኘ መሆኑ በደቃቅ ፊደል ተጽፎአል። ብዙ ብራና ያነበበ ዓይናችን የአንድ ቆርቆሮ ጀርባ አላነበበም ነበር። አዝነን ለንስሐ አባታችን ብንነግራቸው፣ «ሳታውቁ ያደረጋችሁትን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከእንግዲህ ግን ልጁ ያንብብላችሁ» ብለው በፈገግታ አሰናበቱን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚያነብቡት ልጆች ናቸው።

በአሜሪካ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ የገባበት ነገር ሁሉ በክብደቱ ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ በመጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ የበዛው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሰውነት የሚቈጣባቸው ዋና ዋና ምግቦች፣ ከእነርሱም መካከል ወተትና እንቁላል፣ በግልጽ ስማቸው እንዲጻፍ ታዝዟል። ስለዚህ ከዝርዝሩ በታች «ኮንቴይንስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ሚልክ» ወይም «ኤግ» የሚል ካለ ዕቃው የፍስክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ ስሞች በዝርዝሩ ውስጥ ከሌላው ፊደል ተለይተው እንዲታዩ ተደንግጓል። ይህ ሕግ የወጣው ለሕሙማን ቢሆንም ለጾመኛም ጠቅሞታል።

ነገር ግን ሕጉ ሁሉን አይጠቁመንም። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ላርድ የአሳማ ስብ ነው፤ እነዚህን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት የአንባቢው ፈንታ ነው። በቆርቆሮ የታሸገ የተፈጨ ባቄላ አንዳንዱ ላርድ አለበት፤ የአትክልት ሾርባም በዶሮ መረቅ የሚሠራ አለ። ዌይ፣ ኬዚንና ላክቶስ የወተት ልጆች ናቸው። በሌላ በኩል ቅቤ የተባለ ሁሉ ቅቤ አይደለም፤ የኦቾሎኒ ቅቤና የካካዎ ቅቤ ከተክል የሚገኙ ናቸው። የአይሁድ የምግብ ሥርዓት ምልክት ያለበትና «ፓሬቭ» የተባለ ዕቃ ሥጋና ወተት የሌለበት ነው፤ ሆኖም እንቁላል ወይም ዓሣ ሊኖርበት ስለሚችል ዝርዝሩን ማየት አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ይህን ዕውቀት የምንማረው ለራሳችን ቤት ነው። የወንድማችንን ማዕድ ለመመርመርና በሰው ኩሽና ቆርቆሮ እያገላበጡ ለመፍረድ ከዋለ፣ ከወተቱ ይልቅ ትዕቢቱ ጾማችንን ያፈርሰዋል።

ስለ ዋጋና ስለ ቀን

በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ከዋጋው ጎን በትንሹ የሚጻፍ ሌላ ቍጥር በብዙ መደብሮች አለ፤ የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ ዋጋ ነው። ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ይህ ትንሽ ቍጥር እውነቱን ይናገራል። እርሱ የገበያው ቁናችን ነው።

በዕቃው ላይ የሚጻፈውንም ቀን እንወቀው። በአሜሪካ ከሕፃናት ዱቄት ወተት በቀር የፌዴራሉ ሕግ በምግብ ላይ ቀን እንዲጻፍ አያስገድድም። «ቤስት ባይ» የሚለው ጣዕሙ መልካም የሚሆንበትን ጊዜ ያመለክታል፤ «ሴል ባይ» የሚለው ለባለ መደብሩ የተጻፈ ነው። ቀኑ ያለፈበትን ደረቅ ምስር በዚያው ቀን ወደ ቆሻሻ መጣል ብክነት ነው። በዚህ አገር ለምግብነት ከሚቀርበው ከ30 እስከ 40 ከመቶ የሚሆነው እንደሚባክን የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ይገምታል። ጌታችን ሕዝቡን በበረከት ከመገበ በኋላ ቍርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙን፣ 12 መሶብም መሙላቱን የምናምን እኛ፣ የእንጀራ ቍራሽ ስንጥል ልናፍር ይገባናል። እናቶቻችን የደረቀውን እንጀራ ድርቆሽ፣ የተረፈውን ፍርፍር የሚያደርጉት ድኅነት ስላስገደዳቸው ብቻ አይደለም፤ እህልን ስለሚያከብሩ ነው።

የተረፈው ለማን ነው?

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር በመጨረሻ እናንሣ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ከደነገገ በኋላ ቀጥሎ ስለ ምጽዋት ይናገራል። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም ወራት ሥጋውና ቅቤው ስለሚቀር የቤት ወጪ ሊቀንስ ይገባዋል፤ የቀነሰውም ለተራበ ነው። ነገር ግን የብዙዎቻችንን ደረሰኝ ብናይ በጾም ያወጣነው ከፍስኩ በልጦ ይገኛል። ሥጋ መስሎ የተሠራ፣ አይብ መስሎ የተሠራ፣ አይስክሬም መስሎ የተሠራ ውድ ዕቃ ጋሪውን ሞልቶታል። እነዚህን መብላት ኃጢአት ነው አንልም፤ ሕፃን ላለበትና ሕመምተኛ ላለበት ቤት ይጠቅሙ ይሆናል። ነገር ግን ምላሳችን አንድም ቀን ሳይጾም፣ ኪሳችንም ለድኻ አንድ ሳንቲም ሳያተርፍ ሁዳዴው ካለፈ፣ የጾምነው ስሙን ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀላል ልማድ እንመክራለን። ጾም ከመግባቱ በፊት ያለውን የአንድ ወር የአስቤዛ ደረሰኝ እናስቀምጥ። የጾሙንም ወር እንዲሁ። ሁለቱን ደምረን ልዩነቱን በፖስታ እናኑር፤ በልጆቻችንም እጅ ለተቸገረ እንስጥ። ልዩነት ካልተገኘ ያ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሌላም ምጽዋት አለ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ። በአጥቢያችን መኪና የማይነዱ፣ ቋንቋው የማይሆንላቸው፣ ከባድ ከረጢት ማንሣት የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ ሽንኩርት አጥተው የሚውሉ አሉ። ወደ መደብር ከመሄዳችን በፊት ስልክ አንሥተን «እማማ፣ ገበያ ልወጣ ነው፤ ምን ላምጣልዎ?» ብንል፣ በአገራችን ጎረቤት ለጎረቤት ያደርገው የነበረውን መልሰን እናገኘዋለን። ያን ጊዜ የመደብሩ ጋሪ እንኳ የፍቅር መገልገያ ይሆናል።

በቤተሰብ ለመወያየት

1. ባለፈው ሳምንት ከገዛነው ውስጥ ሳይበላ የተጣለው ምንድን ነው? ለምንስ ገዛነው?
2. ዘወትር በጾም ከምንጠቀምባቸው ዕቃዎች አምስቱን መርጠን ልጆቻችን ጀርባቸውን ያንብቡልን፤ ምን ተገኘባቸው?
3. የሚቀጥለው ጾም መቼ ይገባል? ከዚያ በፊት ማለቅ ያለበትና መዘጋጀት ያለበት ምንድን ነው?
4. ዝርዝራቸውን ይዘን ልንሸምትላቸው የሚገባ አረጋዊ ወይም አራስ በአጠገባችን ማን አለ?

የዕለት እንጀራችንን የሚሰጠን አምላክ፣ የሰጠንን በአግባቡ የምንጠቀምበትንና የምናካፍልበትን ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።