የየዚዲ ሕዝብ በአርሜንያ አገር ስለ መኖሩ

(ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የየዚዲ ሕዝብ የጥንት አገሩ በዒራቅ ሰሜን ሲንጃርና ሼኻን ነው። በላሊሽ ሸለቆ የሚገኘውን የሼክ ዓዲን መቃብር ይሳለማል። በአንድ እግዚአብሔር ያምናል፤ በጣዎስ ወፍ የሚመሰለውን ታውሲ መለክን የመላእክት አለቃ ነው ብሎ ያከብራል። ከወገኑ ውጭ አያገባም፤ ከሌላ ሕዝብ የተወለደም ወደ ሃይማኖቱ አይገባም።

ጎረቤቶቹ እምነቱን ሳይመረምሩ ሰይጣን አምላኪ እያሉ አሳደዱት። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ደግሞም ከ1915 ጀምሮ በሆነው እልቂት፥ ብዙዎች ከኦቶማን ግዛት ሸሽተው አርሜንያ ገቡ። በ1918 አርመኖች ከቱርክ ሠራዊት ጋራ ሲዋጉ፥ የየዚዲ ፈረሰኞች በጃንጊር አጋ መሪነት አብረው ተሰለፉ። በ2011 ቈጠራ 35 ሺህ ያህል ነበሩ።

አብሮ መኖር ግን በጦር ሜዳ ብቻ አይፈጸምም፤ በትምህርት ቤትም ይፈተናል። ቀድሞ መዝሙራቸውና ጸሎታቸው የሚተላለፈው በቃል ነበር፤ ንባብም ለጥቂት የሼኮች ቤተ ሰብ ብቻ የተፈቀደ ነበር። በ1921 ለቋንቋቸው ለኩርማንጂ በአርመን ፊደል የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ በ1930 ርያ ተዘ የተባለው ጋዜጣ በየሬቫን መታተም ጀመረ።

ችግሩ ግን አላለቀም። በአራጋጽ ተራራ ዙሪያ ያሉት በግ አርቢዎች ሙቀቱ ሲመጣ ከነልጆቻቸው ወደ ደጋው ግጦሽ ስለሚወጡ ሕፃናቱ ከትምህርት ይጐድላሉ። ብዙ ሴቶች ልጆችም ለጋብቻ ሲታጩ ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ። አባቶች የሚፈሩት ልጁ አርመንኛ ተምሮ ከተማ ሲገባ ቋንቋውንና ሥርዓቱን እንዳይረሳ ነው። ሃይማኖቱ በትውልድ ብቻ የሚተላለፍ ስለ ሆነ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በመንደሮቻቸው ትምህርት ቤት ከአርመንኛው ጋራ የገዛ ቋንቋቸው ሲሰጥ ግን ፍርሃቱ ይቀላል።

ሽማግሌዎችም ሥርዓቱን በማስተዋል ሊያለዝቡት ይችላሉ። በ2014 አይሲስ ሲንጃርን ወርሮ ብዙ ሺህ ሴቶችን ማረከ። በጥንቱ ልማድ ከወገን ውጭ ከሆነ ወንድ ጋራ የኖረች ሴት፥ ተገዳም ቢሆን፥ ከማኅበሩ ትለይ ነበር። የሃይማኖቱ አባት ባባ ሼክ ግን፥ ከምርኮ የተመለሱት ሁሉ ንጹሓን ናቸውና ተቀበሏቸው ብለው አዘዙ። ሴቶቹም በላሊሽ ምንጭ ተጠምቀው ወደ ወገናቸው ገቡ። ሥርዓቱ ለሰው በመራራቱ ማኅበሩ አልፈረሰም።

አስተማሪ ሆይ፥ ቋንቋው የተለየ ልጅ ወደ ትምህርት ቤትህ ቢመጣ፥ የአገሩን ቋንቋ አስተምረው፤ የእናቱን ግን አታስንቀው።

ጥያቄ፤ የየዚዲ አባቶች ስለ ምን ይፈራሉ? ባባ ሼክ የለወጡት ምንድር ነው? የጠበቁትስ?