ክሎዛፒን፦ ተጥሎ የተመለሰው መድኃኒት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ከሕመሞች ሁሉ አብልጠን የምንደብቀው ግን የአእምሮ ሕመምን ነው። እግሩ የተሰበረን ዘመድ ይዘን ወደ ሐኪም ቤት እንሮጣለን፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሁሉ ያሴረብኝ ነው ብሎ የሚጨነቅ ዘመድ ሲኖረን ግን ስሙን ለማንሳት እንኳ እናፍራለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስኪዞፍሬንያ ለተባለው ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን፣ ክሎዛፒንን፣ እናጠናለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

የአንጎላችን የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች አማካይነት ነው። አንዱ ሴል መልእክተኛውን ይለቃል፤ ቀጣዩ ሴል ደግሞ «ተቀባይ» በሚባለው ክፍሉ ይይዘዋል። መልእክተኛውን እንደ ቁልፍ፣ ተቀባዩን እንደ ቁልፉ ቀዳዳ ብናስበው ይቀለናል።

ከመልእክተኞቹ አንዱ ዶፓሚን ነው። ዶፓሚን ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር «ይህን ነገር ልብ በል» የሚል ምልክት ይሰጣል። በሕመሙ ጊዜ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ከልክ በላይ ይለቀቃል። ያን ጊዜ ተራው ነገር ሁሉ ልዩ ትርጉም ያለው ይመስላል፦ የጎረቤት ሳል ምልክት ይሆናል፤ ሬዲዮው ስለ ታማሚው የሚያወራ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን በ1952 በፓሪስ ሴንት አን ሆስፒታል ለሕሙማን ተሰጠ። በ1958 ደግሞ ሃሎፔሪዶል በቤልጅየም ተሠራ። እነዚህ የዶፓሚንን ተቀባዮች ይዘጋሉ፤ ድምፆቹም ጸጥ ይላሉ። ነገር ግን ሰውነታችን የሚንቀሳቀሰውም በዶፓሚን እርዳታ ነው። ስለዚህ የብዙ ታካሚዎች እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ጡንቻቸውም ይገተራል። እንዲያውም ብዙ ሐኪሞች ይህ ካልታየ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ያምኑ ነበር።

ክሎዛፒን ይህን እምነት አፈረሰ። በ1958 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተሠራው ይህ መድኃኒት የዶፓሚንን ተቀባይ አጥብቆ አይዝም፤ ይዞ ቶሎ ይለቃል። በዚያ ላይ ሴሮቶኒን የተባለውን የሌላ መልእክተኛ ተቀባይ ይዘጋል። በዚህም የተነሳ እጅና እግርን ብዙም ሳያስቸግር ሕመሙን ያስታግሳል። እርሱና እርሱን ተከትለው የመጡት እንደ ሪስፐሪዶንና ኦላንዛፒን ያሉት «ኢተለምዷዊ» ወይም የሁለተኛው ትውልድ መድኃኒቶች ተባሉ። እነርሱም ቢሆኑ ጉዳት አልባ አይደሉም፤ በተለይ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ክብደት ይጨምራሉ፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣሉ።

ውድቀቱና መመለሱ

በ1975 ከፊንላንድ አስደንጋጭ ዜና ተሰማ። ክሎዛፒን ከወሰዱት መካከል የአንዳንዶቹ ነጭ የደም ሴሎች በድንገት ተመናምነው ኢንፌክሽንን መቋቋም አቃታቸው፤ 8 ሰዎችም ሞቱ። በብዙ አገሮች መድኃኒቱ ከገበያ ወጣ፤ በሌሎቹም አጠቃቀሙ በጥብቅ ተገደበ።

ሆኖም በሌላ መድኃኒት ያልዳኑ፣ በክሎዛፒን ግን የተሻላቸው ሕሙማን እንደነበሩ ሐኪሞች አልረሱም። በ1988 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሌሎች መድኃኒቶች ያልረዷቸውን 268 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን ክሎዛፒን፣ ለሌላው ክሎርፕሮማዚን ተሰጠ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር፤ ይህም ተስፋና ጥርጣሬ ውጤቱን እንዳያዛቡ ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ ክሎዛፒን ከወሰዱት 30 በመቶው፣ ከሌሎቹ ግን 4 በመቶው ብቻ ተሻላቸው። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ፈቀደ፤ ነገር ግን ደምን በየጊዜው መመርመር ግዴታ ሆነ።

ልኩ የማን ደም ነው?

የኛ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠሩት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። በአሜሪካ መድኃኒቱን ለመጀመር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ቢያንስ 2,000 ኒውትሮፊል ይጠየቅ ነበር። ብዙ አፍሪካውያን ግን፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ፍጹም ጤነኛ ሆነው ሳለ ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት በቀይ የደም ሴሎቻቸው ላይ ደፊ የተባለው ምልክት አለመኖሩ ነው። ይህ ባሕርይ ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዓይነት ይከላከላል፤ በኢትዮጵያ ምልክቱ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ይኖራሉ። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ሰውየው ከሌላው ይልቅ ለኢንፌክሽን አይጋለጥም።

ውጤቱን አስቡት። ሊረዳው የሚችለው መድኃኒት አንድ ብቻ የቀረው ሰው፣ ጤነኛ ደሙ እንደ ታመመ ተቆጥሮ ይከለከላል፤ ወይም ጀምሮ ያቋርጣል። በ2015 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ልኩን አሻሻለ፦ ለሌላው ሰው 1,500፣ እንዲህ ዓይነት ተፈጥሮ ላላቸው ደግሞ 1,000 ሆነ። መድኃኒቱ ሲፈቀድ የተወለደ ልጅ 26 ዓመት ሞልቶት ነበር ማለት ነው። መድኃኒት ተፈቀደ ማለት ጥያቄው አለቀ ማለት አይደለም፤ «ለእነማን ተፈተነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ጥያቄው ወደ እኛም መጥቷል

በቡታጅራና በአካባቢዋ ከ1998 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በኋላም በዚያው በጉራጌ አካባቢ የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ። እዚህ ናይሮቢም ከላቪንግተን ከተማዋን አቋርጠን በቲካ መንገድ የምናገኘው ማታሪ ሆስፒታል አለ፤ የአንዳንዶቻችን ቤተሰቦች ስሙን ለቀልድና ለስድብ ይጠቀሙበታል እንጂ የሕክምና ቦታነቱን አያስቡም።

ስለዚህ ለወላጆችና ለተማሪዎች ሦስት ነገር እናስታውሳለን። አንደኛ፣ ሕመሙ የአስተዳደግ ጉድለት ወይም እርግማን አይደለም። ሁለተኛ፣ ጸሎትና ጠበል የሚሻ ሰው መድኃኒቱንም አብሮ መቀጠል ይችላል፤ ተሻለኝ ብሎ ሐኪም ሳያማክር ማቋረጥ ግን ሕመሙን ይመልሰዋል። ሦስተኛ፣ ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከያዘው ሳይውል ሳያድር ደሙን ይመርመር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ1988ቱ ጥናት ሐኪሙም ታካሚውም የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ አለማወቃቸው ለምን ጠቀመ?
2. «ጤናማ» የሚባል ቁጥር ከአንድ ሕዝብ ብቻ ቢወሰድ ማን ይጎዳል? ሌላ ምሳሌ ፈልጉ።
3. በቤታችን ስለ አእምሮ ሕመም የምንጠቀምባቸው ቃላት ታማሚው እንዲታከም ያበረታቱታል ወይስ ያሸሹታል?