በያይነቱ በኪልበርን፦ ከጣቢያው እስከ ሒሳቡ

በደቡብ ስፔኗ ግራናዳ መጠጥ ላዘዘ ሰው ታፓስ የሚሉት ትንሽ ሳህን ምግብ በነፃ ይመጣለታል፤ ሰዉም ከቤት ቤት እየዞረ ይጠግባል። ለንደን፣ ኪልበርን ላይ እንግዳ ይዞ መዞር አያስፈልግም፤ በያይነቱ ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ ያቀርበዋል። አስተዛዘዙ ግን ዘዴ ይፈልጋል።

በጁቢሊ መስመር ኪልበርን ጣቢያ ይውረዱ። ለኪልበርን ሃይ ሮድ ጀርባዎን ሰጥተው ሹት አፕ ሂልን ሽቅብ ይያዙ፤ ሮማውያን የቀየሱት መንገድ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነው። ዐሥር ደቂቃ ያህል ሲሄዱ፣ ክሪክልዉድ ብሮድዌይ ቁጥር 9 ላይ አቢሲኒያ ምግብ ቤት አለ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ አስቀድመው ይደውሉ።

ሲያዝዙ የጾሙን ያስቀድሙ። ለአራት ሰው ሁለት የጾም በያይነቱ ጥሩ መነሻ ነው፦ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ። ቅቤም ወተትም ስለሌለበት ቪጋን እንግዳ ሳይሳቀቅ ይቆርሳል፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ እንግዳ አይጠፋም። ከሥጋው አንድ ብቻ ይጨምሩ። ጥብስ ከሆነ ደረቁ ይሻላል፤ መረቅ ያለው እንጀራውን ያርስና ከጎኑ ካለው ወጥ ጋር ይደባለቃል። ክትፎ ካማራችሁ በሌላ ሳህን ይምጣ። ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ መሆኑን እንግዳው ራሱ ይምረጥ፤ «ቅመሰው፣ ምንም አይልህም» እያሉ ማስጨነቅ ከደግነት አይቆጠርም። ትሪው ሞልቶ ሲመጣ ያምራል፣ እንጀራ ግን ቆይቶ ነው የሚያጠግበው። ሲጎድል ማስጨመር ይቻላል።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የለንደን እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ስንዴ የማይስማማው ሰው አብሯችሁ ካለ ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ሳይጠይቁ አይዘዙ። ሕጉ ምግብ ቤቶች 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ነገሮችን እንዲያሳውቁ ያስገድዳልና መጠየቅ ነውር የለውም።

ቡናውን ትሪው ሳይነሣ ይዘዙ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ እስኪቀዳ ጊዜ ይወስዳል፤ በረካን እጠብቃለሁ ያለ ሰውም የባቡሩን ሰዓት አስቀድሞ ይይ።

ሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ እንደሆነ ይመልከቱ። ለንደን ውስጥ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በፈቃድ የሚከፈል ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ገንዘቡ ለሠራተኞቹ እንዲደርስ በሕግ ስለተደነገገ፣ ከተደመረ ሌላ ቲፕ መተው የእርስዎ ፈቃድ ነው። ጋባዡ እርስዎ ከሆኑ ደግሞ እጅ ለመታጠብ እንደሚነሣ ሰው ተነሥተው ባንኮኒው ጋ ይክፈሉ፤ ሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ ከመጣ «በሞቴ» «በሞቴ» ሲባል ያመሻል።