አርሴኒክ ካንሰር የሚያመጣው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ አርሴኒክ ዘረመልን በቀጥታ የመለወጥ አቅሙ ደካማ ነው ይባላል። ታዲያ ካንሰር አምጪ የሆነው እንዴት ነው?

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው፤ አርሴኒክን ግን ነጻ አያወጣውም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን ያበዛል፤ እነሱም ዲኤንኤን ይጎዳሉ። ከዚህ የሚከፋው ጥገናውን ማሰናከሉ ነው። የተጎዳ ዲኤንኤን ከሚጠግኑት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ቅርጻቸውን የሚይዙት በዚንክ ነው፤ አርሴኒክ የዚንኩን ቦታ ይነጥቃል። ስለዚህ የፀሐይ ጨረር ወይም የሲጋራ ጭስ ያደረሰው፣ በደህናው ጊዜ ይጠገን የነበረ ጉዳት ሳይታረም ወደ ተከታዮቹ ሕዋሳት ይተላለፋል። የትኛው ዘረመል እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲዘጋ የሚወስኑትን ኬሚካላዊ ምልክቶችም ያዛባል። ደካማ የተባለው እንግዲህ አንዱ መንገዱ ብቻ ነው።

«ይህ የቤተ ሙከራ ግኝት ነው» የሚል ካለ የቺሊዋን አንቶፋጋስታ ይመልከት። ከ1958 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ በሊትር 860 ማይክሮግራም ገደማ አርሴኒክ ያለበት ውሃ ጠጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የዛሬ መመሪያ 10 ነው። ውሃው መጣራት ከጀመረ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም በሳንባና በሽንት ፊኛ ካንሰር የሚሞተው ሰው ብዛት ከፍ እንዳለ ቆየ። በእኛም ስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ከመመሪያው በላይ አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ጉድጓዱ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።