ጉንዳን መቁጠር ምን ይጠቅማል?



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛ ሦስት የባዮሎጂ ተማሪዎች በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥና በዙሪያው ጉንዳን ስንሰበስብ ሰነበትን። አንድ ቀን ከጽድ ሥር ተንበርክከን ሳለ አንድ አረጋዊ ካህን ቆም ብለው ተመለከቱንና «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። «አባታችን፣ የጠፋብን ነገር የለም፤ ጉንዳን እየቆጠርን ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ሰሎሞን ከገብረ ጉንዳን ተማሩ አለ እንጂ ቁጠሩት መቼ አለ? መቁጠሩ ምን ይጠቅማል?» አሉን። በዚያን ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄያቸው የዘገየ መልስ ነው።

ሀ/ ወራሪ ጉንዳን ምንድን ነው?

ጉንዳን ሁሉ ጠላት አይደለም። አፈር ያላላል፣ የሞቱ ነፍሳትን ያነሣል፣ የዕፀዋትን ዘር ይበትናል። ወራሪ የሚባለው በአፈር፣ በችግኝ፣ በእንጨትና በመርከብ ጭነት ተሸሽጎ በሰው እጅ ወዳልነበረበት አገር የሚገባና የአገሩን ፍጥረት የሚያፈናቅለው ነው። ከእነዚህ የብዙዎቹ ጠባይ የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ በአንድ ጎጆ ውስጥ ብዙ ንግሥቶች ይኖራሉ።
2ኛ/ ያገኙትን ይበላሉ፤ በድንጋይ ሥርም ሆነ በግድግዳ ስንጥቅ ይሠፍራሉ።
3ኛ/ የአንዱ ጎጆ ጉንዳን የሌላውን ጎጆ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም።

ይህ ሦስተኛው ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል። ሌሎች ጉንዳኖች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲዋጉ ኃይላቸው ይደክማል፤ ወራሪዎቹ ግን እርስ በርስ ስለማይጣሉ ጎጆ ከጎጆ እየተያያዘ አንድ ግዙፍ ሠፈር ይሆናል። ከደቡብ አሜሪካ ወደ አውሮፓ የገባው የአርጀንቲና ጉንዳን ከጣሊያን እስከ እስፓኝ የአትላንቲክ ዳርቻ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ አንድ ሠፈር መመሥረቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ተገልጿል።

ጉዳቱም በጉንዳን ላይ ብቻ አይቆምም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በላይኪፒያ ሜዳ፣ ትልቅ ራስ ያለው አንድ ወራሪ ጉንዳን የግራር ዛፎችን ከዝሆን ይጠብቁ የነበሩትን የአገሩን ጉንዳኖች ፈጃቸው። ጠባቂ ያጣውን ግራር ዝሆኖች ሰባበሩት፤ አንበሳም አድብቶ የሚያድንበት መሸሸጊያ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ጥናት መሠረት አንበሶች ከገደሏቸው እንስሳት መካከል የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 ከመቶ 67 የነበረው በ2020 ወደ 42 ወርዷል። አንበሶቹም ፊታቸውን ወደ ጎሽ አዙረዋል። እንግዲህ አንዲት ጉንዳን የአንበሳን ማዕድ ለወጠች ማለት ነው።

ለ/ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጥንታዊው ደን በአብዛኛው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚህ ደኖችና በአካባቢያቸው ጉንዳን ያጠኑ የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ ጉንዳን ግዙፍ ሠፈር እንደሚመሠርት እ.ኤ.አ. በ2016 ገለጹ። ካገኟቸው ሠፈሮች ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ይህ ጉንዳን የገዛ አገራችን ተወላጅ ነው። ሆኖም በደን ብቻ ሳይወሰን ሰው በነካው መሬት ላይ ጭምር በብዛት ስለሚሠፍርና የወራሪዎችን ጠባይ ስለሚያሳይ ነገ በጭነት ተጉዞ ሌላ አገር እንዳይወርር ያሰጋል። ዘመዱ የሆነ ሌላ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ በዳርዊን ወደብ ተገኝቶ ሥጋት ፈጥሮ ነበር።

ሐ/ ሥራው እንዴት ይሠራል?

በሜዳ ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ይቀበርና ጥቂት የሳሙና ውኃ ይጨመርበታል፤ የሚያልፈው ጉንዳን ይገባበታል። እንደዚሁም ማርና የቆርቆሮ ዓሣ በወረቀት ላይ ተደርጎ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ማንስ ማንን እንደሚያባርር በሰዓት ይመዘገባል። የተያዘው ጉንዳን በወረንጦ ተነሥቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። በብልቃጡ ውስጥም ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይጨመራል፤ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የብዕር ቀለም በአልኮል ይሟሟልና። የሁለት ጎጆዎችን ዝምድና ለማወቅ ደግሞ ከየጎጆው አንድ አንድ በሕይወት ያለ ጉንዳን በአንድ ዕቃ ይደረጋል፤ ከተናከሱ ባዕዳን ናቸው፤ ተዳስሰው ከተላለፉ ግን የአንድ ሠፈር ሳይሆኑ አይቀሩም።

በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ሥር የመዳሰሻው አንጓ ይቆጠራል፤ የወገቡ ጉብታና እሾህ ይታያል። የሌፒሲዮታ ወገን መዳሰሻ 11 አንጓ አለው፤ በወገቡም ጉብታ ላይ ሁለት የሾሉ ጫፎች ይታያሉ። ይህን ቀኑን ሙሉ ማየት ዓይን ያደክማል፤ ትዕግሥትንም ይፈትናል።

መ/ የሠራነው ስሕተት

አንድ ቀን ማታ ሁለት ብልቃጦች ወረቀት ሳይገባባቸው ተገኙ። አንዱ ከደኑ ውስጥ፣ ሌላው ከመንገድ ዳር መሆናቸውን እናውቃለን፤ የትኛው የት እንደሆነ ግን አናውቅም። ደክሞናል፤ ቦታውም ሩቅ ነው። «ማን ያውቅብናል?» ተባባልንና በግምት ጻፍንባቸው።

በሳምንቱ «የደን» ባልነው ብልቃጥ ውስጥ ባለ ሁለት እሾሁ ጉንዳን ሞልቶ ተገኘ። ኃላፊያችን ደነገጡ፤ ጉንዳኑ የደኑን መካከል ይዞታል ማለት ነውና ሪፖርት ሊጽፉ ተነሡ። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ዝም ብንል ሐሰታችን እውነት ሆኖ ሊታተም ነው። በመጨረሻም እያፈርን ተናገርን። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ባዶ ብልቃጥ ማንንም አያሳስትም፤ በግምት የተጻፈበት ግን ብዙ ሰው ያሳስታል» አሉን። ሁለቱም ብልቃጦች ተጣሉ፤ እኛም ተመልሰን ኩባያዎቹን እንደገና ቀበርን። በሁለተኛው ጊዜ በደኑ ውስጥ የተገኘው ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር።

ሠ/ ትክክለኛ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ2001 እሳት ጉንዳን የሚባለው ወራሪ በሁለት አገሮች ተገኘ። በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የተገኘው አንድ ጎጆ ብቻ ስለነበር በቶሎ ጠፋ። በአውስትራሊያ፣ በብሪዝበን ከተማ፣ ግን ሲታወቅ አስቀድሞ ተስፋፍቶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም ትግሉ አላበቃም። ልዩነቱ በጊዜ ከማየት የመጣ ነው። በጊዜ ለማየት ደግሞ ትናንት ምን እንደነበረ በእውነት የተጻፈ መዝገብ ያስፈልጋል።

ረ/ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

1ኛ/ ለቤተ ክርስቲያን ቅጽር ችግኝ ስናመጣ አፈሩንና ሥሩን እንመርምር።
2ኛ/ የደኑን ዳር ከመቁረጥና ከመመንጠር እንጠብቅ።
3ኛ/ ከወትሮው የተለየ ብዛት ያለው ጉንዳን ብናይ መርዝ ለመርጨት አንቸኩል፤ ጥቂቱን በአልኮል አኑረን፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈን፣ ለሚያውቁ እናሳይ።

አባታችን ሆይ፣ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው፤ የምንቆጥረው አደጋው ገና ትንሽ ሳለ እንድናየው ነው። ያላየነውንም እንዳንጽፍ ያስተማረን ይኸው ቆጠራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በደብራችን ደን ዙሪያ ባለፉት ዓመታት ምን ተለወጠ? መዝግቦ ያቆየው ሰው አለን?
2/ «ማን ያውቅብናል?» ብለን የምናልፋቸው ትናንሽ ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?