ተጫዋች መግዛትና ቡድን መሥራት



በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ወጥተን ከዛፉ ጥላ ሥር ስንሰበሰብ የምንከራከርበትን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ «አርሰናል አጥቂ ይግዛ» ይላል፤ ሌላው «ማንቸስተር ዩናይትድ ግማሹን ተጫዋች ሸጦ እንደ ገና ይጀምር» ይላል፤ የሊቨርፑልና የቼልሲ ወዳጆችም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሳሉ። ደወሉ ይለያየናል እንጂ አንዱ ሌላውን አይረታም። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነኝ፤ ያውም ድምፁ ጎልቶ ከሚሰማው ወገን።

አንድ ቀን በቤታችን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስለዚሁ ነገር ስንሟገት አጎቴ ሰሙን። እኔ የምወደው ክለብ ስማቸው የገነነ ሦስት አጥቂዎች በአንድ ክረምት መግዛት አለበት እል ነበር። አጎቴም ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ «አንተ ልጅ፣ ሦስቱ ሲገቡ የሚወጡት እነማን ናቸው? ኳሱንስ ከኋላ የሚያመጣላቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ እሱን አሠልጣኙ ያውቃል» ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ። እርሳቸው ግን «እንግዲያውስ ክርክሩንም ለአሠልጣኙ ተውለት» ብለው ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

በዚያን ዕለት ስላፈርሁ የእንግሊዝ አገር የተጫዋቾች ዝውውር እንዴት እንደ ተጀመረና ቡድን በምን ዓይነት አሳብ እንደሚሠራ ማንበብና መመርመር ጀመርሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያገኘሁትን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ «ተሸጠ» ስለምንለው ቃል

«እገሌ ተሸጠ» ስንል ሰውየው እንደ በሬ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የተቈረጠለት ይመስላል። በእውነቱ ግን የሚዛወረው ምዝገባው ነው። ተጫዋች ለአንድ ክለብ ሲፈርም ስሙ በዚያ ክለብ ተጫዋችነት ይመዘገባል። ውሉ ሳያልቅ ሌላ ክለብ ከፈለገው፣ ለቀድሞው ክለብ የሚከፍለው ገንዘብ ያን ምዝገባ ለማስለቀቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል በሕግ የተፈቀደው በ1885 ነው። በ1888 ደግሞ 12 ክለቦች ሆነው ሊጉን መሠረቱ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በ1893 አንድ ጥብቅ ደንብ ወጣ። ይኸውም የተጫዋቹ ውል ካለቀ በኋላ እንኳ ክለቡ ካልፈቀደለት በቀር በሊጉ ውስጥ ላለ ለሌላ ክለብ ሊጫወት አይችልም የሚል ነው። ከ1901 ጀምሮም ከተወሰነ ደመወዝ በላይ እንዳይከፈል ተደነገገ፤ መጀመሪያ የተወሰነው በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር።

የዝውውሩ ዋጋ ግን ወሰን አልነበረውም። በ1905 ሚድልስብራ ከሊጉ እንዳይወርድ በመፍራት አልፍ ኮመን የተባለውን አጥቂ ከሰንደርላንድ በ1,000 ፓውንድ ወሰደ፤ ይህን ያህል ዋጋ ሲከፈል የመጀመሪያው ነበር። በ1928 አርሰናል ዴቪድ ጃክን ከቦልተን ለማምጣት 10,890 ፓውንድ ከፈለ። ገንዘቡ ከክለብ ወደ ክለብ ሲያልፍ ባለቤቱ ተጫዋች ግን የሳምንት ደመወዙን ብቻ ይቈጥር ነበር። የደመወዙ ወሰን የተነሣው በ1961 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የደረሰው ገና 20 ፓውንድ ላይ ነበር።

ይህን ቀንበር ከሰበሩት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ኢስተም ነው። ኢስተም የኒውካስል ተጫዋች ሳለ ውሉ ሲያልቅ አዲስ ውል አልፈርምም አለ፤ ክለቡም አለቅህም አለው። እርሱም ለወራት ከኳስ ርቆ ቡሽ በመሸጥ ኖረ። በ1960 በ47,500 ፓውንድ ወደ አርሰናል እንዲሄድ ቢፈቀድለትም «እኔ ከወጣሁ ይበቃኛል» ብሎ ዝም አላለም፤ በተጫዋቾች ማኅበር ረዳትነት ክሱን ቀጠለ። በ1963 ዳኛው ዊልበርፎርስ ተጫዋችን ያለ ውል አስሮ ማቈየት ተገቢ እንዳልሆነ ፈረዱ። ከዚያም በታኅሣሥ 15 ቀን 1995 በሉክሰምቡርግ ያለው የአውሮጳ ፍርድ ቤት ዣን ማርክ ቦስማን በተባለው ቤልጅጋዊ ተጫዋች ጉዳይ ሌላ ፍርድ ሰጠ። የአውሮጳ ኅብረት አባል አገር ዜጋ የሆነ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ በኅብረቱ ውስጥ ወዳለ ሌላ አገር ክለብ ያለ ምንም የዝውውር ክፍያ እንዲሄድ ፈቀደ።

እንግዲህ በክርክራችን «ክለባችን ይህን የመሰለ ተጫዋች ስለ ምን በርካሽ ሰጠው?» ብለን ስንቈጣ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን ውሉ ስንት ዓመት እንደ ቀረው ነው። አንድ ዓመት ብቻ የቀረውን ተጫዋች ዛሬ በርካሽ ያልሰጠ ክለብ ነገ በነፃ ሊሰጥ ይችላል።

2ኛ፤ ስለ ተጫዋቾች ቍጥር

የአጎቴ ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚህ ክፍል ነው። ከ2010 ጀምሮ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ከ25 የማይበልጡ ተጫዋቾችን ስም ማስመዝገብ አለበት። ከእነዚህም መካከል በአገሩ ክለቦች ያላደጉት ከ17 መብለጥ የለባቸውም። «በአገሩ ያደገ» የሚባለው የእንግሊዝ ዜጋ የሆነ ብቻ አይደለም፤ 21 ዓመት ሳይሞላው በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ ሦስት ዓመት ተመዝግቦ የቈየ ሁሉ ነው። 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከ25ቱ ውጭ ሊሰለፉ ይችላሉ።

ስለዚህ መዝገቡ ከሞላ ሦስት ሰዎች ሲገቡ ሦስት ሰዎች ይወጣሉ። እኔ ስከራከር የሚገቡትን ብቻ እቈጥር ነበር እንጂ የሚወጡትን አስቤአቸው አላውቅም።

3ኛ፤ ስለ ሒሳቡ

አንድ ክለብ ተጫዋችን በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ወስዶ የ5 ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ወጪው በየዓመቱ 16 ሚሊዮን እየሆነ ይከፋፈላል። ክረምቱ አልፎ ደስታው ሲበርድ ወጪው ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ቼልሲ በ2023 ኤንዞ ፈርናንዴዝን ከቤንፊካ በ106 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ሲወስድ ከ8 ዓመት በላይ የሚቈይ ውል የሰጠው የየዓመቱን ድርሻ ስለሚያቃልል ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሊጉ ክለቦች ወጪውን ከ5 ዓመት በላይ መከፋፈል አይቻልም ብለው ወሰኑ።

በክለቡ ውስጥ ያደገ ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው ሲዛወር የሚገኘው ገንዘብ በሙሉ እንደ ትርፍ ይቈጠራል። ሜሰን ማውንት ከስድስት ዓመት ዕድሜው ጀምሮ በቼልሲ አድጎ፣ በ2023 በ55 ሚሊዮን ፓውንድና በተጨማሪ ክፍያ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሄድ ብዙ ደጋፊዎች አዘኑ። ልጁን ከቤት የሚያስወጣው አንዳንድ ጊዜ ጥላቻ ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን የናቀም ይቀጣል። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ መሠረት ለአንድ ክለብ በሦስት ዓመት የተፈቀደለት ኪሣራ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ኤቨርተን ከዚህ በማለፉ በኅዳር 2023 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ይግባኝ ብሎ ወደ 6 ዝቅ አለለት። ኖቲንግሃም ፎረስት በ2022 ወደ ሊጉ ሲመለስ በአንድ ዓመት ከ20 በላይ አዳዲስ ተጫዋቾች አስመጥቶ ነበር፤ እርሱም በመጋቢት 2024 4 ነጥብ ተቀነሰበት። ተጫዋቾች በሜዳ ላይ ላባቸውን አፍስሰው ያገኙት ነጥብ በጽሕፈት ቤት ተወሰደ ማለት ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ።

4ኛ፤ ከታሪክ የተገኙ ምሳሌዎች

በ1995 ክረምት ማንቸስተር ዩናይትድ ፖል ኢንስን፣ ማርክ ሂዩዝንና አንድሬ ካንቼልስኪስን አሰናበተ። ደጋፊዎቹ ተቈጡ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍማ «ብለን ነበር» ያሉ ብዙዎች ናቸው። አሠልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን ግን በክለቡ ያደጉትን እነ ቤካምን፣ ስኮልስን፣ በትንና የኔቪል ወንድማማቾችን በቦታቸው አሰለፉ። በዓመቱ መጨረሻ ሊጉንም የማኅበሩንም ዋንጫ ወሰዱ። ይሁን እንጂ «ወጣቶች ብቻቸውን ይበቃሉ» ማለት አይደለም፤ ከኋላቸው ሽማይክል፣ ከመካከላቸው ኪን፣ ከፊታቸው ካንቶና ነበሩ።

ሌስተር ሲቲ በ2016 በ81 ነጥብ ሊጉን ሲያሸንፍ ጄሚ ቫርዲ የመጣው ከፍሊትውድ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ነበር፤ ንጎሎ ካንቴም ከፈረንሳዩ ካን ክለብ ከ6 ሚሊዮን ባነሰ ዋጋ። ካንቴ ግብ የሚያገባ ሰው አይደለም፤ ኳስ የሚነጥቅ ነው። በዚያው ክረምት ወደ ቼልሲ ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቼልሲ ሊጉን ሲወስድ ሌስተር 12ኛ ወጣ። እኔ የዚያን ጊዜ ተከራካሪ ብሆን ኖሮ «ቫርዲ አለልን፤ ካንቴ ቢሄድ ምን አለ?» እል ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ዋጋው የበዛ ተጫዋች ሁሉ ከንቱ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ሊቨርፑል በጥር 2018 ደጋፊዎች እጅግ የሚወዱትን ኩቲንሆን ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀብሎ ለባርሴሎና ለቀቀ። በዚያው ወር ተከላካዩን ቫን ዳይክን ከሳውዝሃምፕተን በ75 ሚሊዮን፣ በክረምቱም በረኛውን አሊሰንን ከሮማ ከ60 ሚሊዮን በላይ ከፍሎ አመጣ። በ2017/18 በሊጉ 38 ግብ የገባበት ቡድን በ2018/19 የገባበት 22 ብቻ ነው። በ2019 የአውሮጳን ዋንጫ፣ በ2020 ሊጉን ወሰደ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ወንፊት የሆነውን ቦታ ለመድፈን ነው።

ቼልሲ በአንጻሩ በ2022/23 ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ 12ኛ ወጣ። በዚያ ዓመት አሠልጣኞች ሲለዋወጡ ተጫዋቾቹ ለመተዋወቅ እንኳ ጊዜ አላገኙም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ፍርድ እንዳይጓደል ይህንም ልጨምር፤ ከዚያ ቡድን የቀሩት፣ ኤንዞ ፈርናንዴዝም ጭምር፣ ቈይተው ሲስማሙ ክለቡ በ2025 የዓለም ክለቦችን ዋንጫ አግኝቷል። ጊዜም እንደ ገንዘብ ሁሉ ዋጋ አለው።

5ኛ፤ ከራሴ የተማርሁት

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ለክርክራችን የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አወጣሁ። ክፍተቱ የት ነው? አዲሱ ሲገባ የሚወጣው ማን ነው? ወጪው ለስንት ዓመት ይቈያል፣ ሌላስ ምን ያሳጣል? ከዚያ ወዲህ ከዛፉ ሥር ስንከራከር ጩኸቴ ቀንሶ ማሳመኔ ጨምሯል።

ዘንድሮ በክፍል ለክፍል ውድድር የክፍላችንን ቡድን የመምረጥ ተራ ለእኔ ደረሰኝ። በጥያቄዎቼ መሠረት መርምሬ ክፍተታችን በረኛው ላይ መሆኑን አየሁ። በዚሁ ዓመት ወደ ክፍላችን የመጣ አንድ ልጅ በበረኝነት እጅግ የበረታ ስለ ነበር እርሱን መረጥሁ፤ ሁለት ዓመት በረኛ ሆኖ ያገለገለንን ጓደኛዬን ተውሁት። የስሙን ዝርዝርም ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ጨዋታውን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ምርጫዬ ልክ ነበር።

ከጨዋታው በኋላ ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ «ተቀየምኸኝ?» አልሁት። «እሱ ከእኔ ይበልጣል፤ እኔም አይቻለሁ» አለኝ። «ግን ማታ ጫማዬን ጠርጌ አድሬ ነበር። ከግድግዳ ላይ ከማነብ አንተ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» የምመልሰው አጣሁ። የኢስተምን ታሪክ ካነበብሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር።

ስለዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ አራተኛ ጨምሬአለሁ፤ ይኸውም «ለሚወጣው ማን ነገረው?» የሚል ነው። ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገም ከዛፉ ሥር እንከራከር፤ ክርክሩ ደስ ይላልና። ነገር ግን «እገሌ ይሸጥ» ስንል ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ፈልጎ የሚያጣ አንድ ሰው በወዲያ በኩል እንዳለ አንርሳ። እኔም ለዚያ ጓደኛዬ ያልነገርሁትን ዛሬ በዚህ መጽሔት ፊት «ይቅርታ» እያልሁ ጽሑፌን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ።